ደሴ ላይ ሰው የሌለው ታማሚስ? ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባህር ዳር

ጉዳዩ፦ ከወሎ ገጠር ለሕክምና ወደ ከተማ ስለሚመጡ ሰዎች

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የምኖር ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የጤና ሙያም የለኝም። ግን ቤቴ፣ እንደ ብዙው የደሴ ቤት፣ ከገጠር ለሕክምና የሚመጣ ዘመድ ማረፊያ ነው። ከደላንታ የሚመጣ አለ። ከወግዲ የሚመጣ አለ። ከወረባቦ ቆላ መጥቶ በደሴ ብርድ የሚንቀጠቀጥም አለ። ማታ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል። ጠዋት ከቤቱ ሰው አንዱ ከሥራው አስፈቅዶ ታማሚውን ይዞ ይወጣል። የምጽፍላችሁም በአስታማሚነት ነው።

ነገሬን ከመጀመሪያው ልናገር። በወሎ አንድ ታማሚ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያገኝ የሚወስነው ሕመሙና ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ከሁለቱም በላይ የሚወስነው ደሴ ወይም ወልድያ ሰው ያለው መሆኑ ነው። ሰው ያለው ይታከማል። ሰው የሌለው ሲንከራተት ውሎ፣ ስንቁ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህን ሪፖርታችሁ ላይ አታገኙትም፤ ቅጹ አይጠይቅማ።

አንዲት ታማሚ ላሳያችሁ። አክስቴ ናቸው፤ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ ነው የመጡት። የጤና መድን አባል ናቸው። መዋጮውን በየዓመቱ ይከፍላሉ፣ ደብተራቸውም በፌስታል ተጠቅልሎ ከጉያቸው አይለይም። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈላቸው። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሌሊት ወጡ። ገደሉን በእግር ወርደው፣ ወጥተው፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅጥቅጥ ያገኙት።

በማግስቱ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተሰለፍን። ስሙን አልጠራውም፤ የአንዱ ቤት ብቻ ችግር አይደለምና። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ አየና "ማኅተሙ አይታይም" አለ። እውነቱን ነው፣ አይታይም። ላብ ነክቶት ወደ ሰማያዊ ጭጋግ ተለውጧል። "አዲስ አጽፋችሁ ኑ።"

አክስቴ "እሺ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ" ብለው ወረቀቱን ተቀበሉና ዞሩ። ሊሄዱ ነው እኮ! በሽሎን መልሰው ሊሻገሩ። አልተቆጡም፣ አልጠየቁም። መስኮት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያለው ነገር ለሳቸው የመጨረሻ ቃል ነው።

እኔ ከመስኮቱ አልተነቃነቅሁም። ኃላፊው ይጠራልኝ አልኩ። ኃላፊዋ መጣች፤ ደግ ሴት ነች። ጤና ጣቢያው ስልክ ይደወልለት ብዬ ለመንኳት። ተደወለ። ስማቸውና የካርድ ቁጥራቸው ተነበበ፣ "አዎ፣ እኛ ነን የላክናቸው" ተባለ፣ አለቀ። ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው የፈጀው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የካርድ ክፍሉ ልጅ ደንብ ነው ያስከበረው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው። የደሴ ሰው ማኅተሙ ቢደበዝዝበት ባጃጅ ይዞ ሄዶ፣ አስመትቶ፣ በግማሽ ሰዓት ይመለሳል። የበሽሎ ማዶ ሰው ግን ሁለት ቀን፣ የትራንስፖርት ብር፣ ምናልባትም ሕይወቱን ይከፍላል። አንድ ደንብ ነው፣ ዋጋው ግን እንደየሰው ነው። እኔ ልዩነት የምለው ይህን ነው። ማንም "ገጠሬን አታክሙ" ብሎ አላዘዘም። ነገሩ እንዲሁ በደንብ፣ በሰልፍ፣ በወረቀት ይሠራል።

የቀረውም ቀን ከዚህ የተሻለ አልነበረም። "11 ቁጥር ግቡ" ተባልን፤ አክስቴ ቁጥር አያነቡም። ላብራቶሪው አንድ ሕንፃ ላይ፣ ራጁ ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። ራጁ ደግሞ ተበላሽቷል፣ ውጭ ተነሱ ተባለ። ከታዘዘላቸው መድኃኒት ግማሹ "የለም" የሚል ማኅተም ተመታበት። ከአጥሩ ማዶ ያለው የግል መድኃኒት ቤት ግን ሁሉም አለው፤ ዋጋው ብቻ ነው የሚያስደነግጠው። ከፈልን። "ደረሰኙን ይዛችሁ ወረዳ ስትሄዱ ይመለስላችኋል" ተባለ። ደረሰኙ እስካሁን ከደብተሩ ጋር ፌስታሉ ውስጥ ነው።

ለአክስቴ እኔ ነበርኩላቸው። ከኋላችን የተሰለፉት ሽማግሌ ግን ብቻቸውን ነበሩ። እሳቸውም አንድ ነገር ተባሉ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ተከትዬ ልጠይቃቸው ስል የአክስቴ ተራ ደረሰ።

ስለ ጤና መድኑ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የኛው ተሁለደሬ ነው። ሌሎቹ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ናቸው። የሐይቅ ዙሪያ ገበሬ ለአገሩ መንገድ ከጠረጉት መካከል ነው ማለት ነው። በሬ ሸጦ መታከም የቀረላቸውን ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ድሮ ታማሚ ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው "ስንት ይፈጃል" የሚለው ነበር። አሁን "ደብተሩ ታድሷል ወይ" ነው የምንለው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ ማንም አይክደውም።

ግን መድኑ የሚከፍለው ለተገኘው ሕክምና ነው። ላልተገኘው አይከፍልም። የከተማው አባልም የገደሉ አባልም መዋጮ ያዋጣሉ። ሲያመው ግን የከተማው ሰው በዓመት ብዙ ጊዜ ይታከማል፣ የገደሉ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ብቻ ነው የሚመጣው። ነገሩን ካሰብነው ሩቅ ያለው ድሃ ቅርብ ያለውን እየደጎመ ነው። ይህ ስሌት ቢሯችሁ ውስጥ ተሠርቶ ያውቃል? የትኛው ቀበሌ ስንት አዋጣ፣ ስንት ታከመ ብሎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። መዝገቡ በእጃችሁ ነው።

የድሃ ድሃ ተብለው መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንላቸውም አሉ። መራጩ ቀበሌው ነው። መልካም አሠራር ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል። ግን በስብሰባው ላይ ስሙን የሚጠራለት የሌለው ሰውስ? ልጆቿ አረብ አገር ሄደው ድምፃቸው የጠፋባት ባልቴት "ልጆች አሏት" ተብላ ስትዘለል አይቻለሁ። እዚህም ሰው ያስፈልጋል።

ቁጥር ደግሞ እንይ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር ደረጃ ከ100 የከተማ ወሊዶች 79ኙ በጤና ተቋም እንደነበሩ አሳይቷል። በገጠር 20 ብቻ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የገጠሩ ወደ 40 ከፍ አለ። በሦስት ዓመት እጥፍ መሆኑ የሚያኮራ ነው። በዚያው ጥናት ግን አዲስ አበባ 95፣ ሶማሌ ክልል 23 ነበር። የሁለቱን አማካይ ይዞ "አገሪቱ እዚህ ደርሳለች" ማለት ለሁለቱም አይሆንም። ወሎ ውስጥም ያው ነው። ኮምቦልቻ ከተማንና የወግዲን ዓባይ ዳር ቀበሌ ደምራችሁ "ደቡብ ወሎ" ብላችሁ አንድ ቁጥር ስትጽፉ፣ ዓባይ ዳር ያለችው ወላድ ከቁጥሩ ውስጥ ትጠፋለች። ወሎ ደግሞ ሪፖርት ሲያምር ሰው ሲያልቅ ያየ አገር ነው። የ1966ቱን ረሃብ እናታችን ነግራናለች።

የአገራችን የጤና አደረጃጀት በወረቀት ላይ ያምራል። ለ5,000 ሰው አንድ ጤና ኬላ። ለ25,000 የገጠር ሰው አንድ ጤና ጣቢያ። ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሰው አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል። ከዚያ ጠቅላላው፣ ከዚያ ስፔሻላይዝዱ። ስሌቱ ግን ሰው ይቆጥራል እንጂ ገደል አይቆጥርም። ሐርቡ ሜዳ ላይ የሚኖር 5,000 ሰውና በሽሎ ግራና ቀኝ የተበተነ 5,000 ሰው በናንተ ቅጽ ላይ እኩል ናቸው። አንዷ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ዞራ ትጨርሳለች፤ ሌላዋ ክረምት ከገባ ግማሹን ቀበሌ እስከ መስቀል አታየውም።

ለጤና ባለሙያዎቹ ሦስቱ መዘግየቶች የሚባለው ነገር አዲስ አይደለም። ለመሄድ እስኪወሰን መዘግየት፣ እስኪደረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ እስኪታከሙ መዘግየት። በኛ አገር ሁለተኛውን የሚሸከመው ቅሬ ነው፣ ቃል በቃል። ባህር ዳር ላላችሁት፣ ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ብቻ አይደለም የሚጠራው። ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ጎረምሶቹ ቃሬዛ ይዘው ይመጣሉ፣ በየተራ እየተቀባበሉ መኪና መንገድ ያደርሷታል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚሸከመው፤ ወሎ ነው እንግዲህ። ከመንገዱ በኋላ ያለው የመንግሥት ድርሻ ነው። አምቡላንሱ ግን ወይ ጎማ የለውም፣ ወይ ነዳጅ የለውም፣ ወይ ሹፌሩ ሌላ ቦታ ነው። ነዳጅ ሙሉ የተባለ ቤተሰብ አውቃለሁ። ወሊድና አምቡላንስ በነፃ እንደሆነ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ግጭቱ አለ። መንገድ ይዘጋል። ስልክ ይጠፋል። ማን ጀመረው፣ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለው የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። አምቡላንስ በማንም እጅ ይሁን በማንም፣ ውስጡ ያለችው ወላድ እንደሆነች ለሁሉም ወገን የሚነገርበት መንገድ ካላችሁ ተናገሩ። ከሌላችሁ ሽማግሌዎችን፣ ቄሶችንና ሼሆችን ጠይቁ። ወሎ በዚህ በኩል ሰው አያጣም።

የእናቶች ማቆያ የተባለው ጥሩ ነገር ነው። ወሯ የደረሰ ሴት ጤና ጣቢያው አጠገብ ታርፋለች፣ ገንፎዋን ትበላለች፣ ቡናዋን ትጠጣለች። ግን ቤት ሦስት ልጅ ትታ የምትመጣ ሴት ስንት ቀን ትቀመጣለች? እህል ከቤቷ ይዛ ከሆነ የምትመጣው፣ ማቆያው የጠገበ ቤተሰብ ላላት ብቻ ነው። ደግሞ አንዳንዷ ሴት የምታፍረው አዋላጁ ወንድ ሲሆን ነው። ይህን እንደ ኋላቀርነት አትዩባት። ሴት አዋላጅ በተመደበበት ጤና ጣቢያ ወላዱ ሲበዛ በዓይኔ አይቻለሁ። ምደባ ስትሠሩ ይህችን አስቡልን።

ስለ ዓይን ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይታያልና። በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች ኢትዮጵያ ቀዳሚዋ ናት። ከኢትዮጵያ ደግሞ ክልላችን። በሽታው ሲቆይ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይቧጭራል። ይቧጭርና ይቧጭርና ያጠፋዋል። የወሎ ደጋ ሴቶች አንገት ላይ በክር የታሰረች ወረንጦ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጌጥ እንዳትመስላችሁ። ወደ ውስጥ የበቀለውን ፀጉር በየጥቂት ቀኑ የሚነቅሉባት ናት። አንዷ ለሌላዋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ትነቅልላታለች። ለቀናት እፎይ ይላል። ከዚያ ተመልሶ ይበቅላል፣ አጭርና እሾህ ሆኖ።

ሴቶች በዚህ በሽታ የሚታወሩት ከወንዶች እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። የሴት ዓይን የተለየ ሆኖ አይደለም። በሽታው ያለው ሕፃናት ላይ ነው፤ ሕፃን የሚያዝለው፣ አፍንጫ የሚጠርገው፣ አቅፎ የሚያስተኛው ማን ነው? እናትና ታላቅ እህት። እንክብካቤዋ ነው የሚያሳውራት። ኦፕራሲዮኑ ደግሞ አጭር ነው። ስፔሻሊስት አይፈልግም። የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራዋል። ዘመቻ ሲመጣም በነፃ ነው። ታዲያ ለምን ይቀራል?

ዘመቻው የሚነገረው በቀበሌ ስብሰባ ነው፣ ስብሰባ የሚሄደው ወንዱ ነው። ነግሯት ብትሰማ እንኳ ዓይኗ ተጠቅልሎ ስትመለስ ማን እጇን ይይዛል? ማን ውሃ ይቀዳል? ማንስ እንጀራ ይጋግራል? "የበልጉ ሥራ ይለፍ" ትላለች። በልጉ ሲያልፍ ዘመቻው ሄዷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ ግን አልደበቀችም፣ ወረንጦዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትዞረው። እዚሁ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይንና በቆዳ ሕክምና፣ በተለይም በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። እዚያ ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ ብሌናቸው ነጭ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰው።

ቋንቋም አለ። ወሎ አንድ አፍ የለውም። ባቲና ከሚሴ ኦሮምኛ አለ፣ አርጎባ አለ፣ ወደ ቆላው አፋር አለ። የደሴ ሆስፒታሎች በር ላይ የአፋር ታማሚ ማየት የዘወትር ነገር ነው። ሐኪሙ "የት ጋ ነው የሚያምሽ?" ይላል፣ እሷ ዝም ትላለች። የሚያስተረጉመው በአብዛኛው ልጇ ነው፣ ወይም አልጋ ጎን ያለ ሌላ ታማሚ። የማህፀኗን ጉዳይ በአሥራ ምናምን ዓመት ወንድ ልጇ በኩል የምትናገር እናት ስንቱን ትናገራለች? መስማት ለተሳነውማ ይህም የለም።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጁሊያን ቱዶር ሃርት የተባለ፣ በዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር የሚሠራ ሐኪም፣ ጥሩ ሕክምና በብዛት የሚገኘው እምብዛም በማያስፈልገው ሰው ዘንድ ነው የሚል ሐሳብ ጻፈ። በዚያ ጊዜ እነሱ አገር ሕክምና በነፃ ከሆነ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ገንዘብ ብቻውን እንዳልፈታው ልብ በሉ። ስለዚህ "መድኑን ካስፋፋን ይፈታል" የሚል ሰው ቢሯችሁ ውስጥ ካለ ይህን ንገሩልኝ።

ስለ ሰሜኑ ጦርነትም ዝም ብዬ አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ወልድያና አካባቢው ሲያዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። አልጋው ተጫነ፣ ማሽኑ ተጫነ፣ ያልተጫነው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የተመለሰውን ነገር ሁላችንም አይተናል፣ ለደከመበት ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ጥያቄዬ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የተነሱት የከተማ ሆስፒታሎች ናቸው። ተገቢ ነው። የገጠሩ ጤና ኬላ ግን በሩ ተገንጥሎ እንደቀረ ዓመታት አለፉ። መቼ ነው ተራው? ተፈናቃዩስ? ጃራም ሆነ ሐይቅ ቱርክ ካምፕ የተጠለለ ሰው ቀበሌ የለውም፣ ቀበሌ ከሌለው የመድን ደብተር ከየት ያመጣል?

ሐኪሙን፣ ነርሱን፣ አዋላጁን ለመክሰስ እንዳልጻፍኩ ይታወቅልኝ። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ደግሞ የሚሠራ፣ የዲዩቲ ክፍያው ወራት የሚቆይበት ሰው ፊቱ ቢጨፈግግ አይገርመኝም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የደመወዝ ጥያቄያቸውን በአደባባይ ሲያነሱ አገር ሰምቷል፤ የታሰሩም ነበሩ። ገጠር ለመቆየት ምክንያት የሌለው ባለሙያ ከተማ ይገባል፣ ከከተማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ አገር። ባለሙያውም እኮ ሰው ካለው ነው የሚዛወረው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልናገር።

ከሁሉ በፊት፣ በወረቀት ጉድለት ታማሚ እንዳይመለስ እዘዙ። ሪፈሩ ማኅተም ቢጎድለው፣ ፊርማ ቢደበዝዝ፣ ስም ቢሳሳት፣ ተቋም ለተቋም ይደዋወል እንጂ ታማሚው አይመላለስ። ይህ በጀት አይጠይቅም። የሞባይል ካርድና አንድ የስልክ ቁጥር ዝርዝር ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። በአንድ ገጽ ሰርኩላር ያልቃል። ነገ ጠዋት ብትጽፉት ከነገ ወዲያ ስንቱ ገደል ከመመለስ ይድናል!

ሁለተኛው፣ በየሆስፒታሉ በር ላይ ለብቻው የመጣን ሰው የሚቀበል ሰው መድቡ። ላይዘን የሚባል ክፍል በመዋቅር እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልጋና ሪፈር ላይ ተጠምዶ ነው የሚውለው። እኔ የምለው በሩ ላይ ቆሞ "አባቴ፣ ብቻዎን ነው የመጡት?" የሚል ሰው ነው። ወረቀታቸውን አንብቦ፣ ክፍሉ ድረስ ወስዶ፣ መድኃኒቱ አወሳሰድ ገብቷቸው እንደሆነ ጠይቆ የሚሸኝ። አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ አፋርኛ ይቻል። ደሴ ውስጥ ሥራ ያጡ የጤና ምሩቃን ሞልተዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በተግባር ልምምድ ጊዜያቸው ሊሠሩት ይችላሉ። እኔ ለአክስቴ የሠራሁት ሥራ ዲግሪ አይጠይቅም።

መድኃኒት ሲጠፋ፣ የመድኑ አባል ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኝ ይዞ ወረዳ እንዲመላለስ ማድረግ ይቅር። ከቀይ መስቀልና ከማህበረሰብ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል ይታሰር፣ ሒሳቡን ተቋማቱ እርስ በርስ ይተሳሰቡ። የግድ ከኪስ ከተከፈለም ገንዘቡ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ፣ በዚያው ቀን ይመለስ።

ለዓይን ኦፕራሲዮን ዘመቻ ብቻ አትጠብቁ። በየጤና ጣቢያው በወር አንድ የታወቀ ቀን ይኑር፣ የገበያ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ሴቶቹ ገበያ ይመጣሉ። ማስታወቂያውም ከስብሰባ ይልቅ ወንዝ ዳርና ወፍጮ ቤት ይነገር።

ማረፊያም ያስፈልጋል። ሰው የሌለው አስታማሚ ሆስፒታል በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ ያድራል። የደሴን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ በኩል የከተማውን ሕዝብ ብትጠይቁ እንቢ የሚል አይመስለኝም። ቦታውን ስጡን፣ ፍራሹን የደሴ ቅሬዎች ያመጣሉ።

ሪፖርታችሁን ደግሞ ከዞን አውርዱት። በወረዳ፣ ከተቻለም በቀበሌ፣ ሴትና ወንድ ተለይቶ፣ ከመኪና መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ ተጽፎ ይውጣ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደቡብ ወሎ ብቻ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ አማካይ ቁጥር አይበቃም።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ለኔ በግል እንድትጽፉልኝ አልጠይቅም። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ለማያነበውም በቅሬ ስብሰባ ይነበብለት። ከተጠየቁት ውስጥ የቱን እንደምትፈጽሙ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የማትፈጽሙትም ካለ ለምን እንደሆነ ይጻፍበት። የስልኩን ጉዳይ ግን ከሌሎቹ ጋር አታዘግዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
ለደቡብ ወሎ፣ ለሰሜን ወሎና ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጤና መምሪያዎች
ለደሴና ለወልድያ ከተማ ቅሬዎች